ወላጅሽን ይዘሽ ነይ

አንዲት የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ልትጀምር ከተማ ገባች። ትምህርት በተከፈተበት ቀን ርዕሰ መምህሩ አቶ ድንበሩ አዲሶቹን ተማሪዎች ፀሐይ ላይ አሰልፈው፣ እሳቸው ጥላ ሥር ቆመው፣ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ንግግር አደረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ወላጃችሁ እኔ ነኝ! እዚህ ግቢ ውስጥ ከኔ ሌላ እናትም አባትም የላችሁም። የጎደላችሁን ነገር ሳትፈሩ ለኔ ንገሩኝ!»

ተማሪው አጨበጨበ። ልጅቱ ግን፣ የዋህ ሆና ይሁን ተንኮለኛ እንጃላት፣ ቃላቸውን አመነችና በማግስቱ ቢሯቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ክፍላችን ወንበር ስለሌለው ድንጋይ ላይ ነው የምንቀመጠው» አለቻቸው።

አቶ ድንበሩ ቱግ አሉ። «ገና ከመምጣትሽ አቤቱታ! አሳዳጊ የበደለሽ! ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ክፍል አትገቢም!»

የልጅቱ ወላጆች ያሉት መኪና የማይደርስበት ሩቅ አገር ነው። እነሱን ላምጣ ብትል የዘንድሮ ትምህርት ቀረ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ቢሮ ገብታ እጅ ነሳች።

«ወላጅሽስ የታለ?» አሉ አቶ ድንበሩ፣ ከለስላሳው ወንበራቸው ሳይነሱ።

«አለ፣ ጋሼ። ሰልፍ ላይ ‹ከኔ ሌላ ወላጅ የላችሁም› አሉን። ትናንት ደግሞ ‹አሳዳጊ የበደለሽ› አሉኝ። ያንን የበደለኝን ሰው ላመጣልዎ ብነሳ፣ ቀድሞኝ መጥቶ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እንግዲህ ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።»