አልገባኝም ያለችው ድርጭት

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር፣ እናንተም ጆሯችሁን ስጡኝ።

ወጣት ወፎች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ርዕሰ መምህሯ ችኮላ የማያውቁት እሜቴ ኤሊ ናቸው። አንድ ቀን አያ ሽመላ ትምህርት ቤቱን መርምሮ ነጥብ ሊሰጥ መጣ። መምህሩ ቁራ ከኤሊ ተደብቆ ተማሪዎቹን መክሮ ነበር፦ «ሲጠይቃችሁ ሁላችሁም ክንፍ አውጡ። መልሱን የምታውቁ ቀኙን፣ የማታውቁ ግራውን። እኔ ቀኝ ያወጣውን እጠራለሁ።»

ሽመላ ሲጠይቅ ክፍሉ በክንፍ ተሞላ። አንዲት ድርጭት ብቻ ክንፏን ሰብስባ ተቀመጠች።

«አንቺስ?» አላት ሽመላ።

«አልገባኝም። እሜቴ ኤሊ፣ ያልገባሽን ተናገሪ ብለውኛል።»

ቁራ አቀረቀረ። ሽመላም በሩ አጠገብ ወደቆሙት ኤሊ ዞሮ፣ «ነጥብ ይቀነስብዎታል» አላቸው።

ኤሊ አንገታቸውን ከቅርፊታቸው እስከ መጨረሻው አወጡ፤ ያን ያህል ረዝሞ ያየው አልነበረም።

«ይቀነስ» አሉ። «ልጄ አላሳፈረችኝም። መምህር ቁራ፣ እንደገና ያስረዷት።»

ቁራ እንደ አዲስ ማስረዳት ጀመረ። ያን ጊዜ ግራ ክንፎች አንድ በአንድ ወረዱ፣ ደብተሮችም ተገለጡ። ሽመላም የነጥብ መዝገቡን ዘጋና ከኋላ ወንበር ከድርጭቷ አጠገብ ተቀመጠ። ለካ እሱም አልገባውም ኖሯል።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ያልገባው ካለ አይፈር።