የቢምረው ድርሻ

«አንድ የኮቴ ምልክት ሣሬ ላይ ካየሁ በቅሎህን ወረስኳት!» አሉ ፊታውራሪ ጎላ።

ቢምረው አንገቱን ደፋ። በቅሎው ዳማ ጆሮዋን አቆመች። ከእሷ ሌላ ምንም የለውም። ሚስት የለው፣ ጥማድ በሬ የለው። በእሷ ጭኖ፣ በእሷ ያድራል።

ይህ የሆነው ድሮ ነው፣ ልጆቼ። መንገዱ ሁሉ የእግር በነበረበት፣ ሰው ከማጭድ ሌላ ማጨጃ በማያውቅበት ዘመን። ፊታውራሪ የግቢያቸው ሜዳ ምንጣፍ እንዲመስል ከባሕር ማዶ የሣር ማጨጃ አስመጡ። ሞተር የለውም። ከባድ የብረት በርሜል፣ ከፊቱ የሚሽከረከር ስለት። ካልጎተቱት አይሄድም።

መጀመሪያ ሰው ጎተተው። ጎረምሶች ጠፍር ታጠቁ፤ ቢምረው ከኋላ እጀታውን ያዘ። ጎተቱ፣ ላባቸው ወረደ። ጎተቱ፣ ጠፍሩ ትከሻቸውን ላጠው። አቀበቱ ላይ አንዱ ወደቀ። ብረቱ ወደ እግሩ ተንከባለለ። ቢምረው ዘሎ ገባ፣ ደገፈው። ልጁ እግሩን አወጣ። የቢምረው የእጁ ትንሿ ጣት እዚያው ቀረች።

«ሰው አይችለውም፤ በቅሎህ ትጎትት» አሉ ፊታውራሪ። ስለ ኮቴው የዛቱት ያን ጊዜ ነው።

ቢምረው ቤቱ ገባ። የሚተኛበትን ቁርበት አነሳ። ቆረጠው፣ ሰፋው፣ ለዳማ ጫማ አደረገላት። እሱ መሬት ላይ ተኛ። ጠዋት መንደሩ ሳቀ።

«ኧረ ጉድ! ጌታው በባዶ እግሩ፣ በቅሎዋ ባለጫማ!» አለች ውሃ ቀጂዋ የሺመቤት።

«ግቢ የተጠራችው እሷ ናታ!» አላት።

ዳማ ጎተተች። ፊታውራሪ ጎንበስ እያሉ ከኋላ ተከተሉ። ረገጠች፣ ምልክት የለም። ረገጠች፣ ምልክት የለም። ጥጉ ላይ ስትዞር አንዱ ጫማ ወለቀ። ቢምረው ተንበርክኮ መዳፉን ከኮቴዋ ሥር አነጠፈ። እጁ ላይ ቆመች። ጫማውን መልሶ አሰረላት። ምልክት የለም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ያጭዳል። ከግቢው ግንብ ሥር ግን አንዲት ቀጭን መስመር ሳይነካ ያልፋል። ሣሩ ጉልበት ደረሰ። በሴት ልጃቸው ሰርግ ዋዜማ ፊታውራሪ አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ለጉዝጓዝ ነው፣ ጌታዬ።»

«አንዲት ዘለላ እንዳትቀር አላልኩህም? በቅሎዋን ጋጣ አስገቡና ቆልፉባት!»

በማግስቱ ሴቶቹ «ቄጤማውስ?» አሉ። ለካ ማንም አላሰበውም። በጋ ነው፤ ተራራው ገርጥቷል፤ ምንጩ ደርቋል። ለምለም ያለው በቦይ የሚጠጣው የፊታውራሪ ሜዳ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተላጭቷል። የማጨጃውን ብጥስጣሽ ሰብስበው በተኑት። እግር ላይ ተለጠፈ፣ ነፋስ ወሰደው። በዚያ አገር ሙሽራ ከባዶ ወለል አትነሳም። ከቁልቁለቱ የሙሽራው ወገን ጭፈራ ተሰማ። ቀረበ።

ፊታውራሪ ቢምረውን አዩት። ቢምረው ማጭዱን አነሳ። የግንቡን ሥር አጨደ። ታቅፎ ገባና ወደ ኋላ እየተራመደ ጎዘጎዘ፣ ከጓዳ እስከ ደጅ።

ዛሬም በዚያ አገር ሣር የሚያጭድ ሰው ከአጥሩ ሥር ጥቂት ይተዋል። ለምን ሲሉት «የቢምረው ድርሻ ነው» ይላል።

ያን ቀን ቢምረው ደጁ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«በቅሎዬን፣ ጌታዬ።»

ጭፈራው በሩ ላይ ደርሷል። ፊታውራሪ የጋጣውን ቁልፍ ከወገባቸው ፈቱ። ለምለሙ ሣር ላይ ጣሉት።

ቢምረው አንስቶ ጋጣውን ከፈተ፤ ዳማ ጫማዋን እንዳደረገች ተከትላው ወጣች። ኮቴዋ አይሰማም። ከሁለቱ ኋላ የጓሮው በር ተዘጋ።