ፒስተኑ ሲመለስ

መምህርት ስንዱ ቀን ታስተምራለች፤ ከትምህርት ቤት መልስ የታመመች እናቷን ታስታምማለች። አንድ እሑድ የኔታ ፈንቴ ዘንድ መጥታ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለችና፣ «የኔታ፣ ደከመኝ። ትናንት እናቴ ላይ ጮኽኩባት። እኅቴ ለአንድ ሳምንት እኔ ልውሰዳት ትለኛለች። ባርፍ በደል አይሆንብኝም?» ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታም እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የውሃ ፓምፕ መትከል ነው። አርባ ገበሬዎች ከወንዝ ውሃ እንዲያወጣላቸው ጠሩት። ሰውየው የሲሊንደሩን ስፋትና ፒስተኑ የሚሄደውን ርቀት ለክቶ አሰላ፤ አንድ ጉዞው አራት ሊትር ሆነ። ፒስተኑ በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ይሄዳል፣ ስድሳ ጊዜ ይመለሳል። መሄዱንም መመለሱንም ቆጠረና፣ «በደቂቃ አራት መቶ ሰማንያ ሊትር ይሰጣችኋል። ለአርባችሁም ይበቃል» አላቸው። አምነውት ሁሉም ሽንኩርት ተከሉ።

ውሃው ግን ከሃያኛው ማሳ አላለፈም። ሰውየው አፈረ። ሒሳቡን መልሶ በማየት ፈንታ ሞተሩን አፈጠነው። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውሃ ሳይሞላ ለመግፋት እየሄደ ይንቋቋ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን የፒስተኑ ዘንግ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሃያዎቹም ውሃ አጡ።

ዘንጉን ሲበይድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጥተው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

«ይኼ ነገር ሲሄድ ምን ያደርጋል?» አሉት።

«ውሃ ይገፋል።»

«ሲመለስስ?»

«ውሃ ይስባል።»

«ታዲያ እየሳበ እንዴት ይሰጣል?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ተነሥቶ ገበሬዎቹን ሰበሰበና፣ «የሌለ ውሃ ነው የቆጠርኩላችሁ። ያለው ለሃያ ማሳ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው። አንዳንዱ ሰደበው። አንዲት ሴት አለቀሰች። ሲከራከሩ ውለው በመጨረሻ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ አንድ ማሳ አብረው ሊያለሙ ተስማሙ። ፓምፑም በድሮ ፍጥነቱ፣ ቀስ ብሎ ሠራ። የሃያው ማሳ ሽንኩርት ደረቀ፤ የሌላው ሃያ ግን ደረሰ።

የኔታ ወደ ስንዱ ዞር አሉ። «አንቺም ልጄ፣ የምትስቢበትን፣ የምታርፊበትን ጊዜ እንደምትሰጪበት ቆጥረሽ ለተማሪዎችሽም ለእናትሽም ቃል ገባሽ። መሳብ በደል አይደለም። ሳትሞዪ ልትሰጪ የሄድሽ ጊዜ ግን ለእናትሽም የሚደርሳት ጩኸትሽ ብቻ ነው። እኅትሽ ትውሰዳት። አንቺ ቤትሽ ግቢና ተኚ።»