ቢናይን ያለው ሐኪምና የገበሬው ጆሮ

አንገቱ ላይ እብጠት የወጣበት አንድ ገበሬ ነበረ። ተማሪዬ ማርሸት፣ «መምህር፣ የሕክምናውን ቃል አስተካክዬ ከጠራሁ ትርጉሙን ለታካሚው መናገር ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሳልቆጣ ልመልስልሽ፤ መልሴ ይህ ሰው ነው።

ገበሬው ሆስፒታል ሄዶ ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደለት። ውጤቱ የደረሰ ቀን በሩ ላይ ወረፋው ይጋፋ ነበርና ሐኪሙ፣ «ቢናይን ነው አባቴ፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» ብሎ ሌላ ሰው ጠራ። ቃሉን አሳምሮ ነው የጠራው፤ ፈረንጅ ቢሰማው ያጨበጭብለት ነበር። ገበሬው የሰማው ግን «በዓይን ነው» የሚል ነው።

ሰው በዓይኑ በላኝ፣ የሆስፒታል መድኃኒትም የለኝም ብሎ አዝኖ ገባ። የማን ዓይን ይሆን ሲል ጎረቤቱ ትዝ አለው። «አንገትህ ላይ ምን አበቀልክ?» ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው እሱ ነበራ! አብረው ያደጉ፣ በወንፈል አንዱ የሌላውን አዝመራ የሚያጭዱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ገበሬው ጎረቤቱን ሲያይ በጋቢው ፊቱን ይሸፍን ጀመር። ጤፉ ደርሶ ሊረግፍ ሲልም፣ «አንተ ማሳዬ እንዳትደርስ» አለው።

ጎረቤቱ ሌላ መሰለው። ወንድሜ ሊሞት ነው፣ እኔን ላለማስጨነቅ ደብቆኝ ነው አለ። አንድ ማለዳ በቅሎውን ጭኖ መጣና እምቢ እያለው በግድ አስቀምጦ ሆስፒታል ወሰደው።

«ዶክተር፣ ቁርጡን ንገረን። ይድናል?»

«ነግሬያቸው ነበር እኮ። ቢናይን ነው።»

«ሰማህ!» ብሎ ገበሬው ከወንበሩ ዘለለ። «በዓይን ነው አለ! የበላኸኝ አንተ ነህ!»

ሐኪሙ ወረፋውን ትቶ ተነሳ። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጦ፣ «አባቴ፣ በዓይን አላልኩም። ቢናይን ማለት ካንሰር ያልሆነ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይዛመት እብጠት ማለት ነው። አይገድልዎትም። ያኔውኑ እንዲህ ብዬ መንገር ነበረብኝ» አለው።

ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሰው! ስስምህ ጉንጬን ነካኝ እንጂ መቼ አየሁትና ነው? ዓይኔ መድከሙን ረሳኸው? እኔ እንኳን እብጠትህን፣ በሬዬንም የምለየው በድምፁ ነው!»

ገበሬው እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል አነሳው። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ደግሞ ሳቁ። ጤፉንም ሳይረግፍ አብረው አጨዱት፤ ደስ አይልም?

እንግዲህ ማርሸት፣ ያ ሐኪም አንቺ ነሽ። አጠራርሽ ያኮራኛል። ነገር ግን ትርጉሙን ካልነገርሽው፣ ታካሚሽም እንደ ገበሬው የራሱን ትርጉም ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ከወዳጁም ይጣላበታል። ስለዚህ ቃሉን ጥሪ፣ ትርጉሙን ንገሪ፣ ምን እንደሰማም ጠይቂው። ያ ሐኪም እኮ በእጁ የያዘው የምሥራች ነበር፤ ሰውየውን ግን ሳያበስረው ነው የሸኘው።