ውሻውን እንቅልፍ የወሰደው ሰሞን

አንድ ጓንጉል የሚባል ዘበኛ ነበር። አንጓችን የበደላት እሱ ነው። ስሙን ከፊት ያስቀደምነው ጥርጣሬ በሌላ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ሌላው የሰፈሩ ሰው ንጹሕ ነው ለማለት ግን አይደለም፤ እሱም ይደረስበታል።

አንጓች ሯጭ ናት፤ የረጅም ርቀት ሯጭ። ሌላው ወገቡን ይዞ ሲያለከልክ የእሷ እግር ገና መፍታታቱ ነው። አንድ እንከን ብቻ ነበረባት፤ ዳገት ላይ ትሰበራለች። አሰልጣኙም አንድ ቀን በሰው ፊት «ሜዳ ላይ ፈረስ ነሽ፤ ዳገት ላይ አሮጊት» አላትና ከቡድኑ አስወጣት። አሮጊት ምን እንደበደለችው እንጃ። በዚያ ዳገት እንጨት ተሸክመው ሲወጡ የኖሩት አሮጊቶች ናቸው፤ እሱ በመኪና ነው የሚከተለው። ብቻ «ክረምት ሳይገባ ማጣሪያ አለ። ዳገቱን ከቻልሽ ነይ፤ ካልቻልሽ አገርሽ ግቢ» ብሎ አሰናበታት።

አገሯ መግባት ማለት ሩጫው አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻዋ መሮጥ ጀመረች። ለብቻ መሮጥ ክፋቱ፣ ሲደክም የሚታፈር ሰው የለም። ዳገቱ ግማሽ ላይ አንድ የጎበጠ ባሕር ዛፍ አለ። እዚያ ስትደርስ ዞር ዞር ብላ ታይና ማንም ከሌለ መራመድ ትጀምራለች። ሁልጊዜ እዚያው ዛፍ ሥር።

ወደ ዳገቱ የሚያወጣው መንገድ በትልልቅ ግቢዎች መሐል ያልፋል። አጥሩ ረጅም፣ በሩ ብረት፣ ከበሩ ጀርባ ውሻ። በዚያ ሰፈር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። አንጓች ስታልፍ ሰንሰለቱ ሁሉ ይንኳኳል፣ ጩኸቱን ግቢ ለግቢ ይቀባበሉታል። እሷም በሁለት እጇ ድንጋይ ጨብጣ ነበር የምትሮጠው።

አንድ ቀን የአንዱ ግቢ በር ተከፍቶ አገኘችው። አንድ ትልቅ ቡላ ውሻ ሰንሰለቱን ወጥሮ ይጮኻል። አንጓች ድንጋዩን አነሳችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ጅራቱ ይወዛወዛል። የፊት እግሮቹ ባሉበት ይረግጣሉ፤ ልክ እሷ ሩጫ ልትጀምር ስትል እንደምትረግጠው። ሊበላት አልነበረም የሚጮኸው። አብሯት መሄድ አምሮት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ጨብጣ ስትፈራቸው የኖረቻቸው ውሾች «እኔንም፣ እኔንም» ነበር የሚሏት።

ድንጋዩን ጣለችው። የዚያኑ ዕለት ተመልሳ መጥታ በሩን አንኳኳች። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ላቀች ራሳቸው ወጡ።

«ውሻዎን ላሩጥልዎት» አለች አንጓች።

«ምን አልሽ?»

«ሥራዬ መሮጥ ነው። ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ ዳገቱን ይዤው ልውጣ።»

«ውሻ ማሮጥ ሥራ ሆነ ደግሞ? ነገ ድመት ላስተኛልዎት የምትል ትመጣለች።»

«ድመት ራሷ ትተኛለች፤ ሰው አልቸገራት። ውሻዎ ግን ሰንሰለቱን ጨርሶ በሩን ማኘክ ጀምሯል።»

ወይዘሮ ላቀች በሩን አዩት። እውነትም ጥጉ ተፋፍቋል። ሳይወዱ ሳቁ። «መከታ ነው ስሙ» አሉና ገመዱን ሰጧት።

የመጀመሪያው ቀን ማን ማንን እንዳሮጠ አይታወቅም። መከታ ከበሩ ሲወጣ እንደ ጎርፍ ነው የወጣው። አንጓች ከኋላው እየተጎተተች፣ እየሳቀች፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሰዎች መንገድ እየለቀቁላት ዳገቱን ተያያዙት። የጎበጠው ባሕር ዛፍ ጋ ሲደርሱ እግሯ እንደ ልማዱ ቆመ። መከታ ግን አልቆመም። ገመዱ ተወጠረ። ዞሮ አያት፤ ምላሱ ወጥቷል፣ ጆሮው ቆሟል፣ ምን ሆንሽ የሚል ይመስላል። አንጓች አፈረች። በውሻ ፊት አፈረች። ጥርሷን ነክሳ ተነሳች፤ ያን ቀን ዳገቱን አንዲት እርምጃ ሳትራመድ እስከ አናቱ ሮጠችው። ላይ ደርሳ ጉልበቷን ይዛ ከተማውን ቁልቁል ስታይ ሳቋን ማቆም አቃታት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት። በካርቶን ላይ «ውሻ አሮጣለሁ» ብላ ጽፋ የሰፈሩ ሱቅ በር ላይ ለጠፈች። የጎረቤቱ ውሻ ተጨመረ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ተጨመረ። ገመዶቹን ወገቧ ላይ አስራ መሐል መንገዱን ስትይዘው ሰው ከየበሩ ብቅ ይላል። የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ኮች፣ ውድድሩ የት ነው?» ይላታል።

«ትርፍ ገመድ አለ፤ ውረድና ታሰር» ትለዋለች፤ ቆማ አይደለም፣ እየሮጠች።

በምታገኘው ገንዘብ ወተትና እንቁላል ትገዛለች። ጉንጯ ሞላ፣ እግሯ ጠነከረ፣ ያ ባሕር ዛፍ መቼ እንዳለፈ አታውቀውም። ውሾቹም ሌላ ሆኑ። በር ማኘክ ተዉ፣ ሰው ላይ መዝለል ተዉ። ከሩጫ ሲመለሱ ራታቸውን ይበሉና ለጥ ብለው ይተኛሉ።

ጓንጉል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የወይዘሮ ላቀች ዘበኛ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «እንዴት ዋልሽ ኮች» እያለ በር ይከፍትላት ነበር። ከዚያ ሰላምታውን ተወ። ከዚያ በሩን ፊቷ ላይ ያላትም ጀመር። ከዚያ ወሬውን ለቀቀው።

«ይቺ ልጅ ውሻውን የምታደክመው ለጤና መሰላችሁ? ከኋላዋ ሌባ አለ። ውሻው ሲያንቀላፋ መንገዱን ታሳያለች» አለ ለጎረቤት ዘበኞች። ዘበኞቹ ለሠራተኞች ነገሩ፣ ሠራተኞቹ ለእመቤቶቻቸው። ከሰፈሩ መርፌ አልጠፋም። ግን የሚጠፋ ነገር ያለው ሰው ለመፍራት ማስረጃ አይጠይቅም። በሳምንቱ መጨረሻ በሮቹ ሁሉ ተዘጉ። አንዳንዶቹ በቀዳዳ «ይቅርብን፣ ልጄ» አሏት፤ አንዳንዶቹ እሱንም ነፈጓት። ካርቶኗ ተቀዶ ቦይ ውስጥ ወደቀ።

አንጓች ያን ቀን ለብቻዋ ወደ ዳገቱ ወጣች። ከየግቢው ውሾቹ ድምጿን ለይተው ያለቅሳሉ። የጎበጠው ባሕር ዛፍ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። የሌባ መሪ መባሉን ችላው ነበር፤ እዚያ ዛፍ ሥር እንደገና መቆሙን ግን አልቻለችውም። ማጣሪያው ተቃርቧል። እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ቁልቁል ሮጠች።

እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ስለ ጥበቃ ሊነጋገር ወይዘሮ ላቀች ግቢ ተሰብስቦ ነበር። አንጓች ማንም ሳይጠራት ገብታ መሐል ቆመች።

«እኔ ሌባ አምጥቼ ከሆነ የጠፋው ዕቃ ይጠራ» አለች።

ማንም አልጠራም። ይኼኔ ጓንጉል ከበሩ ሥር ተነሳ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ዕቃ እስኪጠፋ ነው እንዴ የምንጠብቀው? እኔን ጠይቁኝ። ሌሊቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ መከታ ራቱን በልቶ ይዘረጋል። በእግሬ ብገፋው ዓይኑን አይገልጥም። ኮሽ ሲል የምነሳ እኔ፣ ነፋስ በሩን ሲመታው የምወጣ እኔ፣ ድመት ቆርቆሮ ላይ ስትሄድ እንኳ እኔ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ወሩ ሊሞላ ነው።»

 መከታ ጥላው ሥር ያንኮራፋል።

ወይዘሮ ላቀች መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆይ እስቲ ጓንጉል። እስከ ዛሬ ታዲያ ማን ነበር የሚነሳው?»

 አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ግን የራሱን ዘበኛ አስታወሰና ሳቁን ዋጠው።

«ደመወዙ ላንተ፣ ሥራው ለውሻው» አሉ ወይዘሮ ላቀች። «በል ዕቃህን ሰብስብና ውጣልኝ።»

የአንጓች ልብ ዘለለ። ደስታዋን መደበቅ አያስፈልግም፤ ደስ አላት። በሩን ወለል አድርጋ የምትከፍትለት እሷ ራሷ እንደሆነች ወሰነች።

ጓንጉል ኮፍያውን አወለቀ። «እወጣለሁ፣ እትዬ። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። እኔ የምተኛው መቼ ነው? ጎህ ሲቀድ መኪና አጥባለሁ። አትክልት አጠጣለሁ። ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፣ ሲሊንደር ተሸክሜ እመጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ በር እከፍታለሁ፣ ሲሄድ እዘጋለሁ። ሲመሽ ደግሞ ጠብቅ እባላለሁ። ውሻው ታስሮም ቢሆን ቀን ይጋደማል። ለሱ ደግሞ የምታሳርፈው ልጅ መጣችለት። ቀናሁ። በውሻ ቀናሁ።»

አሁን የሳቀ የለም። ወይዘሮ ላቀችም መነጽራቸውን መልሰው ማድረጉን ረሱት። አንጓች የጓንጉልን ፊት አየች። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ያ የጎበጠው ባሕር ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ፊት ነው። በሩን ወለል አድርጋ ልትከፍትበት የነበረው እጇ ወረደ።

«እትዬ ላቀች» አለች፤ «ከሰዓት ሳሮጠው ሌሊት ይተኛል፤ ይኼ የኔ ጥፋት ነው። ከእንግዲህ ጎህ ሲቀድ ልውሰደው። ቀን ይተኛና ሌሊት ይነቃል። ጋሽ ጓንጉልም እንደ ውሻው።»

«እንደ ውሻው ማለት?»

«ሌሊት ነቅቶ ይጠብቅ፤ ቀን ይተኛ።»

«መኪናውንስ ማን ሊያጥበው ነው?»

«የርስዎ እጅ ምን ሆነ?»

 ወይዘሮ ላቀች ኩሩ ሴት ናቸው። ኩሩ ሰው ተሳስቻለሁ አይልም፤ ስህተቱን ግን ሲያገኘው ለማረም ማንም እስኪነግረው አይጠብቅም። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቁልፍ ፈቱና በአንጓች መዳፍ ላይ አኖሩት። የዋናው በር ቁልፍ ነው።

«ጎህ ሲቀድ የምትመጪ ከሆነ በር የሚከፍትልሽ የለም» አሉ። «ዘበኛዬ ያን ጊዜ ተኝቷል።»

ሌባ ታመጣለች የተባለችው ልጅ ሰው ሁሉ እያየ ቁልፉን ጨበጠችው። ጓንጉል ጠጋ ብሎ «ይቅር በይኝ» አላት።

«መጀመሪያ ተኛ» አለችው። «አሁን በህልምህ የምታወራ ነው የምትመስለው።»

ሌሎቹም በሮች በዚያው ዕለት ማታ ተከፈቱላት። ማጣሪያው ሲደርስ አሰልጣኙ ዳገቱ ላይ ያየው የአንጓችን ጀርባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓንጉል ውሸት ውሸት ነው፤ ማንም አያሳምርለትም። ግን የደከመ ሰው ያሰረውን ትቶ ያረፈውን ይጠላል፤ ያረፈው ቅርቡ ነውና። ስለዚህ አንድ ሰው በከንቱ ሲነክሳችሁ፣ ድንጋዩን ከመወርወራችሁ በፊት ሰንሰለቱን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ጫፉ የማን እጅ ላይ እንዳለ እዩ። የራሳችሁ እጅ ላይ ብታገኙትም አትደንግጡ፤ ፍቱት። እናንተስ ሌሊቱን ለጥ ብላችሁ የምታድሩት ማን ስላልተኛ ነው?

አንጓች መልሷን በአፏ አልሰጠችም። ከስብሰባው በማግስቱ ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ እንደ ድሮው በሩን በቡጢ አልደበደበችም። ቁልፉን በቀስታ አዞረች፣ ብረቱ እንዳይንኳኳ መቀርቀሪያውን በመዳፏ ደግፋ ከፈተችው። ከዘበኛው ቤት ከባድ ማንኮራፋት ይሰማል። መከታ ሊጮህ ሲል አፉን በእጇ ያዘችው። ጠጠሩ እንዳይንኮሻኮሽ ጫማዋን አወለቀች፤ በአንድ እጇ ጫማ፣ በአንድ እጇ ገመድ ይዛ በባዶ እግሯ በጓንጉል መስኮት ሥር አለፈች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቁጭ ብላ ጫማዋን አጥብቃ አሰረች፣ ሌሎቹንም ውሾች ከየበራቸው ሰበሰበች፤ ዳገቱንም በሩጫ ገቡበት።