አንድ ማንኪያ ቅቤ ለስንዱ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፣ ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይጠጋ፤ ተረቴ ሥራ አያስፈታም። በመሐል የሚያቋርጠኝ ካለ ግን ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው፣ ኋላ ወየው እንዳትሉ።

በአንድ ክፉ ዓመት፣ ዝናብ በጠፋበት፣ ሰው ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ በሚፈራበት ዓመት፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ስንዱ የምትባል። ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትደርስ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ ቤት መጣች። ሁለት ቀን አማጠችና ሴት ልጅ ወለደች።

በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ፣ ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ፣ ወንድ ከሆነ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤቱ ጆሮውን አቁሞ ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ማን እንደ መጣ ያውቃል፤ ያለውን ቋጥሮ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ይመጣል። እልልታ ካልተሰማ ደግሞ ልጁ አልተረፈም ማለት ነው፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ በሩቅ ያልፋል። ስንዱን ያዋለደቻት ጎረቤታቸው እትዬ አበሩ ነበረች። አበሩ እትብቱን ቆርጣ፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ደብሪቱ በመዳፏ ከደነችው።

«ተይ አበሩ» አለቻት። «በዚህ ዓመት ምን አለንና ነው እልል የምንለው? ሰው ይታዘበናል።»

አበሩም እልልታዋን ውጣ ወደ ቤቷ ሄደች። የተዋጠ እልልታ ሆድ ይነፋል፤ ማን አለ ብትሉኝ እኔ አልሁ።

ሦስት ቀን ሆነ። ማንም አልመጣም። ደብሪቱ ከእንቅቡ ጥግ የቀረችውን የገብስ ዱቄት አራግፋ ገንፎ ሠራች። ግን ያለ ቅቤ ምን ገንፎ አለ? ስንዱ አንዴ ጎረሰች፣ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፣ እንባዋ መጣ። እማ አልወርድ አለኝ አለች። አራስ ካልበላች የጡቷ ወተት ከየት ይምጣ? ሕፃኗ ትስባለች፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ማልቀሱንም ትታ እንደ ጫጩት ሲር ሲር ትል ጀመር። ደብሪቱ የፈለገችው ጥማድ በሬ አይደለም፣ ሙሉ ጎተራ አይደለም። አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቻ ፈለገች፤ ልጇ እንድትውጥ፣ የልጅ ልጇ እንድትተርፍ።

ተነሥታ ምሰሶው ላይ ወደተንጠለጠለው መናጫ ቅል ሄደች። ቅሌ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ስጠኝ አለችው። ቅሉ ሆዱ ደርቆ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ወተት የማታቀምሰኝ ቅቤ ልትጠይቀኝ መጣች ብሎ አኮረፈ፤ ላሟ ካልሞላችኝ አልሰጥም አለ። ቅሉ ቅቤ አልሰጥም አለ፣ ገንፎው አልወርድም አለ፣ ስንዱ አልበላችም፣ ሕፃኗም አልጠባችም።

ደብሪቱ ወደ ላሟ ሄደች። እመት ላሚት፣ እባክሽ ቅሉን ሙዪልኝ አለቻት። ላሟ የጎን አጥንቷ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፤ ቁጣዋ ግን አልከሳም። እኔ ከድንጋይ ላይ ወተት ላልብ ነው ወይ፣ ሣሩ ካላበላኝ አልሞላም አለች። ላሟ ቅሉን አልሞላም አለች፣ ቅሉ ቅቤ አልሰጥም አለ፣ ገንፎው አልወርድም አለ፣ ስንዱ አልበላችም፣ ሕፃኗም አልጠባችም።

ወደ መስኩ ወረደች። ሣሩ ከአፈር በታች ተደብቆ ሥሩን አቅፎ ተቀምጧል። አያ ሣር፣ ብቅ በልና ላሟን አብላልኝ ብትለው፣ ብቅ ብል ፀሐይ ትጠብሰኛለች፣ ምንጩ ካላጠጣኝ ንቅንቅ አልልም አላት። ሣሩ ላሟን አላበላም አለ፣ ላሟ ቅሉን አልሞላም አለች፣ ቅሉ ቅቤ አልሰጥም አለ፣ ገንፎው አልወርድም አለ፣ ስንዱ አልበላችም፣ ሕፃኗም አልጠባችም።

ወደ ምንጩ ሄደች። ምንጭ መባሉ ለስሙ ነው እንጂ፣ አንዲት እንቁራሪትና አንድ እፍኝ ጭቃ ነው የቀረው። እሱም ቢሆን ኩራቱን አልተወም። የኔን ውኃ ዓመት ሙሉ ቀዳችሁ፣ አንድ ቀን ተመስገን ያለኝ ማን አለ ብሎ ወቀሳት፤ ደብሪቱም እውነትህን ነው አለች። ቀጠለና፣ ለማንኛውም ደመናው ካልዘነበልኝ ምን አጠጣለሁ አለ። ምንጩ ሣሩን አላጠጣም አለ፣ ሣሩ ላሟን አላበላም አለ፣ ላሟ ቅሉን አልሞላም አለች፣ ቅሉ ቅቤ አልሰጥም አለ፣ ገንፎው አልወርድም አለ፣ ስንዱ አልበላችም፣ ሕፃኗም አልጠባችም።

ጉልበቷን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ደመናው ከተራራው ማዶ ጉብ ብሎ ተቀምጧል፤ ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ ዝናቡን እንደ ንፉግ ሰው ታቅፏል። አያ ደመና፣ ስለ ወላድ ብለህ ና አለችው። ደመናው ክፉ አልነበረም፤ ሰነፍ ነው እንጂ። እኔ እግር የለኝ፣ ነፋሱ ካልነዳኝ እንዴት ልምጣ አላት። ደመናው ለምንጩ አልዘንብም አለ፣ ምንጩ ሣሩን አላጠጣም አለ፣ ሣሩ ላሟን አላበላም አለ፣ ላሟ ቅሉን አልሞላም አለች፣ ቅሉ ቅቤ አልሰጥም አለ፣ ገንፎው አልወርድም አለ፣ ስንዱ አልበላችም፣ ሕፃኗም አልጠባችም።

ደከማችሁ? እሷ ናት የምትሄደው፣ እናንተ ተቀምጣችኋል።

ነፋሱ ከገደሉ ሥር፣ ከዋሻው አፍ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። አያ ነፋስ፣ አያ ነፋስ ብላ ነቀነቀችው። አንድ ዓይኑን ገለጠ። እኔን የምትቀሰቅሰኝ የገደል ማሚቶ ናት አላት። ሰው የጣለላትን ድምፅ አንሥታ ወደኔ የምታመጣ እሷ ናት፤ ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ ያመጣችልኝ ዋይታ ብቻ ነው፣ ዋይታ ደግሞ ይከብደኛል፣ ያስተኛኛል። ከዋይታ ሌላ ድምፅ ካላመጣች አልነሣም ብሎ ተመልሶ ተኛ። ነፋሱ ደመናውን አልነዳም አለ፣ ደመናው ለምንጩ አልዘንብም አለ፣ ምንጩ ሣሩን አላጠጣም አለ፣ ሣሩ ላሟን አላበላም አለ፣ ላሟ ቅሉን አልሞላም አለች፣ ቅሉ ቅቤ አልሰጥም አለ፣ ገንፎው አልወርድም አለ፣ ስንዱ አልበላችም፣ ሕፃኗም አልጠባችም።

ደብሪቱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ወጥታ ቆመች። ከዚህ ወዲያ የሚሄዱበት የለም። እግሯ ደምቷል፣ ነጠላዋ እሾህ ላይ ቀርቷል፣ ከታች ቤቷ እንደ ባቄላ ፍሬ አንሳ ትታያለች። እመት ማሚቶ፣ ነፋሱን ቀስቅሺልኝ ብላ ችግሯን ሁሉ ከራሱ እስከ ጭራው ደረደረችላት፤ ቅሉን፣ ላሟን፣ ሣሩን፣ ምንጩን፣ ደመናውን፣ ነፋሱን። ስትጨርስ ወደ ገደሉ ጮኸች።

«ሕፃኗም አልጠባችም!»

«አልጠባችም!» አለች የገደል ማሚቶ።

«እኔ ምን ላድርግ? ምንም የለኝም!»

«ምንም የለኝም!»

«ታላግጪብኛለሽ?»

«ታላግጪብኛለሽ?»

ደብሪቱ ተናዳ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ምንም የለኝም የሚለው ቃል ግን ከገደሉ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ስትለው የኖረችው ቃል ነው፤ በሌላ አፍ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰማችውና አፈረች። እውነት ምንም የለኝም እንዴ ብላ አሰበች። ስንቱ ነው ጎተራው ሞልቶ፣ ቅቤው በቅል ተርፎ፣ ወላዱን ከነልጇ የቀበረ! የኔዋ ሁለት ቀን አምጣ እጄን ጨምቃ ተረፈች። ያቺ ምስኪንም ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቴን ጨብጣ አልለቅም አለች። ከአንድ ምጥ ሁለት ነፍስ ተረፈልኝ፣ እኔ ግን ሦስት እልልታ የሚገባትን ልጅ እንደ ሌባ በዝምታ አስገባኋት። የአበሩን አፍ የከደንሁ እኔ ነኝ። ጎረቤቱን ከደጄ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ይሄኔ ብድግ አለች።

«አለኝ!» ብላ ጮኸች።

«አለኝ!» አለ ገደሉ።

«ልጅ አለችኝ! የልጅ ልጅ አለችኝ! ተመስገን!»

«ተመስገን!»

አፏን ከፈተችና እልልልል አለች። ገደሉም እልልልል አለ። ሁለተኛ አለች፣ ሁለተኛ መለሰ። ሦስተኛ አለች፣ ሦስተኛ መለሰ። ለሴት ልጅ ሦስት ነው ደንቡ፣ እዚህ ላይ ይበቃ ነበር። ደብሪቱን ግን አሁን ማን ያቁማት! አራት አለች፣ አምስት አለች፤ ገደሉም እየተቀበለ ያባዛዋል። ከታች መንደር እትዬ አበሩ ሰማች። ሦስት ቀን ሆዷን የነፋው እልልታ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ከደጇ ቆማ አቀለጠችው። ያንን የሰሙ ሴቶች ከየቤቱ ወጥተው ተቀበሉ። ልጁ አልተረፈም ብለው አንገታቸውን የደፉ ወንዶችም ቀና አሉ። መቁጠር ጀመሩ፤ ሰባት ሲሞላ ወንድ ነው አሉ፣ አሥራ ሁለት ሲያልፍ መንታ ነው አሉ፣ ሃያ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋባቸው።

«ሴት ናት!» አለች ደብሪቱ ከአፋፉ ላይ። «ሴት ናት፤ ቆጣሪ ይረፍ!»

ያን ጊዜ የገደል ማሚቶ ያን ሁሉ እልልታ ሰብስባ ነፋሱ ጆሮ ላይ አፈሰሰችው። ነፋሱ ከተኛበት ዘሎ ተነሣ። ማሚቶ ነፋሱን ቀሰቀሰች፣ ነፋሱ ደመናውን ነዳ፣ ደመናው ለምንጩ ዘነበ፣ ምንጩ ሣሩን አጠጣ፣ ሣሩ ላሟን አበላ፣ ላሟ ቅሉን ሞላች። ሣር በአንድ ቀን ይበቅላል ወይ፣ ወተትስ ሳይረጋ ይናጣል ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ሄዳችሁ ላሟን ጠይቋት፤ እኔ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ደብሪቱ ዝናቡ እስከ አጥንቷ አርሷት፣ ቁልቁለቱን እየሳቀች ወርዳ ቅሉን ናጠችው። ቅሉም ቅቤ ሰጠ። አንድ ማንኪያ ለምና ነበር፤ ሁለት ወጣ።

ገንፎውን እንደገና አሙቃ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ፣ ቅቤውን በበርበሬ አቅልጣ አፈሰሰችበት። ስንዱ ከዳር ቆርሳ፣ በቅቤው አጥቅሳ ጎረሰች። ገንፎው በቅቤ ወረደ፣ ስንዱ በላች፣ ደረቷ ሞቀ፣ ጡቷ አጋተ፣ ሕፃኗም ጠባች። ጠባች፣ ጠባች፣ ጠገበችና ትን አላት፤ ደብሪቱም ጀርባዋን እየመታች አለቀሰች፣ ያንንም ሳትደብቅ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እትዬ አበሩ ሦስት እንቁላል ይዛ ገባች። ከኋላዋ አንዱ እፍኝ ምስር፣ አንዷ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንዱ ደግሞ ምንም ስላልነበረው አንድ ሸክም ፍልጥ ይዞ ገባ። ይህ ሁሉ ትናንትም በየቤቱ ነበር፣ ከትናንት ወዲያም ነበር፤ እልልታውን ሳይሰማ ማን ይዞት ይምጣ? የቀረው ገንፎ አንድ ሳህን ነው፣ ሰዉ ደግሞ አሥራ ስድስት። አንድ አንድ ጉርሻ ደረሳቸው። ከበሉት ሰዎች አንዱም ራበኝ ብሎ አልወጣም፤ ደብሪቱም አፉን በመዳፏ የከደነችው ሰው ከዚያ ወዲህ የለም።

ተረቴን ወሰዳችሁ፣ እሰየው፣ ለእናንተው ይሁን። መልሱልኝ አልልም፣ ዳቦም አልጠይቅ። ዛሬ ማታ ግን ቤታችሁ ስትገቡ፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እዩና ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት እልልታ አድርሱልኝ። ቁጥሩ ቢጠፋባችሁ እኔ አልቆጣም።