የአያ ጅቦ አዲስ ጥርስ

አንድ ጊዜ አጥንት ሲሰብር ድምፁ ከሸለቆው ማዶ የሚሰማ ጅብ ነበር። ይህ ጅብ አንድ ማለዳ ሲነቃ በግራ በኩል፣ ከትልቁ መንጋጋ ጥርሱ አጠገብ፣ ድዱ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት ወጥታበታለች። ሽምብራ ታክላለች። በምላሱ ነካት፤ ተወት አደረጋት፤ መልሶ ነካት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምላሱ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ለማን ይንገር? በጅቦች መንጋ ደንብ አለ፤ ሲያኝክ ፊቱን ያጨማደደ ሁሉ «አርጅቷል» ይባልና ከመብሉ ወደ ኋላ ይባረራል። ለኋለኛው ጅብ የሚደርሰው ቀንድና ሰኮና ብቻ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ሆዱን ከነፍሱ አስበልጦ የሚወድ ፍጡር ስለሆነ ዝም አለ።

ቀበሮ ግን ጉንጩን አይቶ ነቃበት።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ጉንጭህ? ደህና አይደለህም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ድዴ ላይ አንዲት ነገር ወጣች እንጂ። ለማንም እንዳትናገር!»

ቀበሮ ጠጋ እንኳ አላለም። ከቆመበት ሆኖ አጨበጨበ። «እልል በል እንጂ! አዲስ ጥርስ ሊበቅልልህ ነው!»

«አዲስ ጥርስ?»

«ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጥርስ ከየት ይበቅላል? ከድድ! ሊበቅል ሲል ድዱ ምን ይሆናል? ያብጣል!»

የአያ ጅቦ ዓይን በራ። ጥርስ ሲጨመር ምግቡም አብሮ የሚጨመር መሰለው። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለስላሳ ሥጋ እንዳትቀምስ፤ አዲስ ጥርስ ያሰንፋል። በግራ በኩል ወፍራም ወፍራሙን አጥንት እየሰበርክ አበረታታው። ሥጋውን እኔ አነሣልሃለሁ። ለወዳጅ ሲባል ምን ይደረግ!»

እንግዲህ ጅቡ አጥንቱን፣ ቀበሮው ሥጋውን ሲበሉ ሰነበቱ። ጥርሱ ሲነዝረው አያ ጅቦ «እየበቀለ ነው!» እያለ ይደሰታል። አንድ ቀን እብጠቷ ፈነዳች። አፉን የሚገማ መግል ሞላው፤ ሕመሙም ወዲያው ጸጥ አለ። «ዳንኩ!» ብሎ ዘለለ። ቀበሮም «ጥርሱ በር ከፈተ ማለት ነው» አለና የዕለቱን ሥጋ ይዞ ሄደ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ሕመም ቆመ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። ውስጥ ያለው እንዳለ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እብጠቷ የሾላ ፍሬ አክላ ተመለሰች። ጉንጩ ተነፋ፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ አፉም በግማሽ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ረኃብና ሕመም ተባብረው ጣሉት። መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ሥር ተዘርሮ ሳለ ከገበያ መልስ ከባለቤቱ የጠፋ አንድ አህያ ድንገት ፊቱ ደረሰ።

አህያው ደርቆ ቀረ። አያ ጅቦ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየው፤ መልሶ ጨፈነ።

አህያው መሮጥ ነበረበት፤ ግን ነገሩ ገረመው። «አያ ጅቦ፣ አህያ መሆኔን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ሂድ እባክህ።»

«ኧረ በስመ አብ! ይህስ ቀላል በሽታ አይደለም!» አለና ራቅ ብሎ ቆመ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«አዲስ ጥርስ… እየበቀለልኝ ነው» አለ ጅቡ፣ እንባው እየወረደ።

«በእርስዎ ዕድሜ? እኔ በገበያ ቀን ገዢ ሁሉ ከንፈሬን እየገለበጠ ዕድሜዬን ከጥርሴ ሲያነብ የኖርኩ ነኝ። የአፍ ነገር ለእኔ አይነገርም! እኔም አንድ ጊዜ ድዴን እሾህ ወግቶኝ ጉብ ብሎ ነበር፤ ሳያመኝ በራሱ ጠፋ። የእርስዎ ግን መግል አለው፣ ሄዶ ይመለሳል፣ ትኩሳትም አምጥቷል። እንዲህ ያለው ከጥርሱ ሥር ነው የሚነሣው። ዛሬውኑ ሾላው ላይ ወደምትኖረው ጥርስ ሐኪም፣ ወደ እመት ጦጢት ይሂዱ።»

«መራመድ አልችልም።»

አህያው አሰበ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈርቷል፤ ግን አዘነለት። «እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ እርስዎ ሽታዬን ይከተሉ።»

የአህያ ሽታ እንኳን የታመመውን የሞተውንም ጅብ ያስነሣል። አያ ጅቦ እየተንገዳገደ ተከተለ። ሾላው ጋ እንደደረሱ አህያው ቁልቁል ሸመጠጠ፤ ጅብ ሲድን አጠገቡ መገኘት አልፈለገም።

እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ሳትወርድ የወይራ ጉማጅ ወረወረችለት። «ይህን በቀኝ በኩል ንከስ። የማከም ፍላጎት አለኝ፤ የመበላት ግን የለኝም።»

ነከሰ። ወርዳ አፉን አየች፤ በቀጭን ጣቷ ድዱን ጫን ስታደርገው መግሉ ፈሰሰ። ፊቷ ጠቆረ። ጉማጁን አስተፋችውና «አጥንት ስትሰብር ጥርስህ ተሰንጥቋል። መቼ ጀመረህ?» አለችው።

«ሽምብራ ስታክል አየኋት።»

«ያን ጊዜ ብትመጣ ጥርሱን አተርፍልህ ነበር። አሁን መነቀል አለበት። እምቢ ካልክ መንጋጋህን፣ ከዚያም ሕይወትህን ይዞ ይሄዳል።»

ያ ጥርስ ኩራቱ ነበር። አያ ጅቦ እንደ ግልገል አለቀሰ። ከዚያ ግን ጉማጁን ራሱ አንሥቶ ነከሰ። እመት ጦጢት ነቀነቀች፣ ነቀነቀች፣ ሳበች። ጩኸቱ የሸለቆውን ወፎች በሙሉ አስነሣ፤ ጥርሱም ወጣ። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበችለትና «ሌላ እብጠት ካየህ ፈጥነህ ና» ብላ አሰናበተችው።

ትኩሳቱ ለቀቀው፤ የጉንጩም እብጠት ጎደለ። አያ ጅቦ ተቀምጦ ለስላሳ ሥጋ በቀኝ በኩል ቀስ እያለ ሲበላ ቀበሮ ብቅ አለ።

«አያ ጅቦ፣ አዲሱ ጥርስ እንዴት ሆነ? የእኔስ ሥጋ?»

«ና፣ እስቲ ቀርበህ እየው» አለና አፉን በለጠጠው። ቀበሮ የተነቀለውን ጥርስ ባዶ ቦታ አየ፤ በዙሪያው የቀሩትን ጥርሶችም አየ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ሸለቆ አልረገጠም።

ከዚህ የምንማረው ድዳችን ላይ የምትወጣ ትንሽ እብጠት ብዙ ጊዜ በራሷ ብትጠፋም፣ ሰንብታ አልጠፋ ካለች፣ ሄዳ ከተመለሰች ወይም መግል፣ ትኩሳትና የጉንጭ እብጠት ካመጣች፣ አፋችንን ሳያይ ለሚመክረን ሳይሆን አይቶ ለሚያክመን ሐኪም ሳንዘገይ ማሳየት እንዳለብን ነው።